ያረጀውን ድልድይ በአዲስ መተካት፦ ጅረት ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ

አሽከርካሪ ድልድይን የሚያውቀው ከላይ ነው። አስፋልቱ ካልተቦረቦረና የዳር መከለያው ካልተጣመመ ሁሉም ሰላም ይመስለዋል። ከሥሩ ገብቶ የሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያገኘው። በተለይ ድልድዩ የተሠራው ጅረት ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ከሆነ። እዚያ ውሃው በሁለት በኩል ይመጣል። ከተራራው ጎርፍ ይወርዳል፣ ከባሕሩ ጨው ይወጣል። ጎርፉ መሠረቱን ይቦረቡራል፣ ጨው ብረቱን ይበላል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ያለ፣ ዕድሜው የገፋ የአውራ ጎዳና ድልድይ በአዲስ እንዴት እንደሚተካ በየደረጃው ይዘረዝራል። ለወጣት መሐንዲሶችና ለሳይት ሰዎች ነው የጻፍኩት። «ድልድያችሁ ሊቀየር ነው» ተብለው ሥራው ለምን እንደሚረዝም ለሚጠይቁ ነዋሪዎችም ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። የድሮውን ድልድይ ምን እንደገደለው ሳታውቁ አዲሱን መንደፍ አትጀምሩ። አዲሱ የሚቆመው እዚያው ቦታ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው።

1. በመዶሻ ጀምሩ

ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ቦት ጫማ አድርጋችሁ ከድልድዩ ሥር ግቡ። ትንሽ መዶሻና ጠመኔ ያዙ። ቢሙን፣ ማለትም መንገዱን የተሸከመውን አግዳሚ፣ መታ መታ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ኮንክሪት ጠንከር፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ትንሽ ሄድ ስትሉ ድምፁ ይለወጣል፤ ባዶ ጣሳ የመታችሁ ይመስላችኋል። እዚያ ጋ የላዩ ቆዳ ከውስጠኛው ኮንክሪት ተላቋል ማለት ነው። በጠመኔ ክበቡት። አንድ ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ ራቅ ብላችሁ ክቦቹን ተመልከቱ። በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም። ውሃ በሚረጭበት ከፍታ ላይ፣ ወደ ባሕር በዞረው ቢም ላይ፣ እንዲሁም ከላይኛው ስላብ (መኪናው ከሚሄድበት የኮንክሪት ንጣፍ) መገጣጠሚያ ሥር ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ የማይዝገው ሲሚንቶው ስለሚጠብቀው ነው። የጤነኛ ኮንክሪት ፒኤች ከ12 በላይ ነው፣ ማለትም በጣም አልካላይን ነው። በዚህ ሁኔታ ብረቱ ላይ በጣም ቀጭን መከላከያ ሽፋን ይፈጠራል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ለዓመታት ቀስ እያለ ይሰርግና ብረቱ ጋ ሲደርስ ይህን ሽፋን ይሰብረዋል። ከዚያ ዝገቱ ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይይዛል። ውስጥ ሆኖ ይገፋል፣ ይሰነጥቃል፣ በመጨረሻም ኮንክሪቱን ልጦ ይጥለዋል። ዘወትር ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል ኦክስጅን ስለማያገኝ የሚዝገው ቀስ ብሎ ነው። የሚብስበት አንዴ የሚረጥበው፣ አንዴ የሚደርቀው ክፍል ነው።

ከመዶሻው ቀጥሎ የላብራቶሪ ሥራ ይመጣል። ከኮንክሪቱ በተለያየ ጥልቀት ዱቄት በድሪል እያወጣችሁ የክሎራይዱን መጠን አስለኩ። እንደ አንድ መነሻ፣ ክሎራይዱ ከሲሚንቶው ክብደት 0.4 በመቶ ገደማ ሲደርስ የዝገት ስጋት አለ ይባላል። ጥያቄው «ጨው አለ ወይ?» አይደለም። አለ። ጥያቄው ፌሮው ያለበት ጥልቀት ላይ ስንት ደርሷል የሚለው ነው። በኤሌክትሪክ ልኬትም ብረቱ እየዛገ ስለመሆኑ ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። በመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ ሲለካ ንባቡ ከ350 ሚሊቮልት በላይ ወደ ኔጌቲቭ ከሄደ፣ እዚያ ቦታ ዝገት የመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ውሃ ውስጥ ያለውን ክፍል ጠላቂ ይየው። ውሃው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ስለሆነ ጠላቂው በዓይኑ ሳይሆን በእጁ ነው የሚያየው። ምሰሶውን እየዳሰሰ ይወርዳል። እጁ ኮንክሪት አልቆ ባዶ ቦታ ላይ ካረፈ፣ ከመሠረቱ ሥር አፈር የለም ማለት ነው። ይህ ወሬ ሲመጣ የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም። መኪና የሚቆመው በዚያው ቀን ነው።

2. ጥገና ወይስ አዲስ?

ብዙ ሰው «ትንሽ ቢለሰን አይሆንም?» ይላል። አንዳንዴ ይሆናል። ግን ጨው የገባበት ኮንክሪት ላይ ልስን አንድ የታወቀ ችግር አለው። የተላጠውን ቦታ ጠርባችሁ በንጹህ ኮንክሪት ስትሞሉት፣ እዚያ ያለው ብረት ይድናል፣ ልክ ከጠርዙ ጎን ያለው ብረት ግን ዝገቱን ይረከባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥገናው ዙሪያ አዲስ ስንጥቅ ታያላችሁ። በኤሌክትሪክ ኃይል ዝገቱን የሚያቆም ካቶዲክ ፕሮቴክሽን የሚባል ዘዴ አለ፤ ድልድዩ በሌላው ነገር ጤነኛ ከሆነ ያዋጣል።

እኔ ሚዛኑን እንዲህ ነው የማየው። ችግሩ ዝገት ብቻ ከሆነ ጥገናን በቁም ነገር አስቡት። ከዝገቱ በተጨማሪ መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው፣ ድልድዩ ለጎርፉ አጭር ከሆነ ወይም የትከሻ መንገድ ከሌለው ግን ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ጊዜ ከመግዛት አያልፍም።

3. ውሃውን አንብቡ

እዚህ ጋ ጊዜ አትቆጥቡ።

በአሜሪካ ከወደቁ ድልድዮች መካከል ትልቁን ድርሻ የያዘው ከጎርፍና ከመሠረት ቡርቦራ ጋር የተያያዘው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ ግዛት ስኮሃሪ ጅረት ላይ የነበረው የአውራ ጎዳና ድልድይ በጎርፍ ወደቀ። 10 ሰዎች ሞቱ። መሠረቱ ፓይል (ወደ ጥልቅ አፈር የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) አልነበረውም፤ በቀጥታ አፈር ላይ ያረፈ ነበር። ዙሪያውን ይጠብቅ የነበረውን የድንጋይ ክምር ውሃ በየዓመቱ ሲወስደው ኖሯል። በ2001 ደግሞ ፖርቱጋል ውስጥ ዱሮ ወንዝ ላይ ሂንዜ ሪቤሮ የተባለው ድልድይ ሲወድቅ 59 ሰዎች አለቁ። ከወንዙ ለዓመታት አሸዋ ሲዛቅ ቆይቶ ነበር፤ ወለሉ ዝቅ አለ፣ የምሰሶው ሥር ተጋለጠ።

ቡርቦራ ሞኝ የሚያደርግ ጠባይ አለው። ጎርፉ በጠነከረበት ሰዓት ከምሰሶው ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ጎርፉ ሲበርድ ውሃው የተሸከመውን አሸዋ ይጥልና ጉድጓዱ ተመልሶ ይሞላል። በማግስቱ ሄዳችሁ ስትለኩ ወለሉ እንደነበረው ነው። «ምንም አልሆነም» ትላላችሁ። ግን ያ አሸዋ ልል ነው፣ ሸክም አይችልም። ስለዚህ የዛሬውን ወለል ለክቶ ብቻ መንደፍ ስህተት ነው። ሦስት ነገር ደምሩ፦ ወንዙ በረጅም ጊዜ የሚቆፍረውን፣ ውሃው በድልድዩ ጠባብ በር ሲጨናነቅ የሚቆፍረውን፣ ምሰሶው ራሱ በሚፈጥረው አዙሪት የሚቆፈረውን። መሠረቱ ከድምሩ በታች መውረድ አለበት።

የባሕር ጠረፍ ጅረት የራሱ ጠባይም አለው። በብዙ ቦታ በደረቁ ወራት ማዕበሉ አሸዋ እየገፋ የጅረቱን አፍ ይዘጋዋል። ከኋላው ውሃ ይጠራቀማል፣ ኩሬ ይሆናል። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ያ የአሸዋ ግድብ ባንዴ ይፈርሳል፣ የተጠራቀመው ሁሉ በድልድዩ ሥር ተግተልትሎ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ነዳፊ ስሌቱ ላይ የሚያስገባው የተረጋጋ ወንዝ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ ይፈሳል። ምሰሶው በሁለቱም አቅጣጫ ይመታል ማለት ነው። የአፈር መከላከያውም ከሁለቱም በኩል መሠራት አለበት።

አሁን ስለ «የ100 ዓመት ጎርፍ»። ስሙ ያሳስታል። በ100 ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። አስሉት። 75 ዓመት እንዲቆይ የተነደፈ ድልድይ በዕድሜው ቢያንስ አንዴ ይህን ጎርፍ የማየት ዕድሉ 53 በመቶ ነው። የ200 ዓመት የሚባለውን ጎርፍ እንኳ የማየት ዕድሉ 31 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ መንገዱን ለ100 ዓመቱ ጎርፍ፣ መሠረቱን ግን ከዚያ ለሚበልጠው ፈትሹ። መንገድ ለአንድ ቀን በውሃ ቢሸፈን ይመለሳል። መሠረቱ ከሄደ አይመለስም።

የባሕሩን ከፍታም አትርሱ። የዓለም አማካይ የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ፍጥነቱም ጨምሯል። የድሮው ድልድይ ሲነደፍ ይህ አልታሰበም። የእናንተ ግን የሚቆየው እስከሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ነው። ከጎርፉ ከፍታ በላይ ደግሞ ለሚንሳፈፍ ግንድ የሚሆን ክፍተት ተዉ። ግንድ ተጋድሞ ቢሙ ላይ ሲጠላለፍ ድልድዩ ግድብ ይሆናል።

መረጃ ከወረቀት ብቻ አይገኝም። አካባቢው ላይ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሰዎችን ጠይቁ። «ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር?» በሏቸው። ግድግዳ ወይም ዛፍ ያሳዩዋችኋል። ያንን ምልክት ቀያሹ በሌቭል ይለካው። ከኮምፒውተር ሞዴሉ ጋር ካልገጠመ ሞዴሉን መልሳችሁ ፈትሹ።

4. አፈሩ

በእያንዳንዱ መሠረት ቦታ ላይ አስቆፍሩ። ከ30 ሜትር ርቀት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ለዚህ አይሠራም፤ የወንዝ አፍ አፈር በጥቂት ሜትር ይለዋወጣል። ቁፋሮው ፓይሉ ያልቃል ተብሎ ከሚታሰብበት ጥልቀት ወርዶ መሄድ አለበት። ልል እርጥብ አሸዋ ካገኛችሁና ቦታው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለበት፣ አፈሩ ሲነቀነቅ እንደ ፈሳሽ የመሆን ጠባዩ ይጠና።

5. መኪናው የት ይሂድ?

ነዋሪውን በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው። ምርጫዎቹ ጥቂት ናቸው። አውራ ጎዳናውን ዘግቶ ተለዋጭ መንገድ መስጠት ፈጣኑና ርካሹ ነው። ግን በጠረፍ አካባቢ ተለዋጭ መንገድ ብዙ ጊዜ ተራራ ዞሮ የሚመጣ ነው። አምቡላንስ ስንት ደቂቃ ይጨምርበታል? ይህን ሰዓት ይዛችሁ ራሳችሁ ነድታችሁ ለኩት። ካርታ ላይ አትገምቱት።

ሁለተኛው ከጎኑ ጊዜያዊ የብረት ድልድይ መትከል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዶናልድ ቤይሊ የሠራው ተገጣጣሚ ድልድይ ለዚህ አባት ነው፤ ዘሮቹ ዛሬም ይሠራሉ። ቦታና የውሃ ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስተኛው አዲሱን ከጎን ሠርቶ በአጭር መዝጊያ ጊዜ በሃይድሮሊክ ጃክ ወደ ቦታው ማንሸራተት ነው።

በብዛት የሚመረጠው ግን በግማሽ በግማሽ መሥራት ነው። የድሮውን አንድ ጎን ታፈርሳላችሁ፣ መኪናው በቀረው ግማሽ በትራፊክ መብራት ተራ በተራ ያልፋል። አዲሱ ግማሽ ሲያልቅ መኪናው ወደ እሱ ይዞራል፣ የቀረው ይፈርሳል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሁለት ቦታ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንደኛ፣ የድሮው ድልድይ ሲከፈል የቀረው ግማሽ ብቻውን መቆም መቻሉ በስሌት ይረጋገጥ። ስንት ቢም እንደቀረ ብቻ ሳይሆን የምሰሶው ራስ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሲሆን ምን እንደሚሆን ይታይ። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አዲስ ግማሾች በመሃል ሲገናኙ በአንደኛው ላይ መኪና እየሄደ ስለሚነቀነቅ ትኩሱ ኮንክሪት ፌሮውን በደንብ ላይዝ ይችላል። የመሃሉን ክፍተት ስትሞሉ መኪናውን ለጥቂት ሰዓታት አቁሙ፣ ካልሆነም በጣም ዝግ ብሎ እንዲሄድ አድርጉ።

6. ንድፉ

የድሮ ድልድዮች አጭር ናቸው። ሠሪዎቹ ኮንክሪት ለመቆጠብ አፈሩን ወንዙ ውስጥ ድረስ ሞልተው፣ በመሃል ለውሃው ትንሽ በር ትተውለታል። እድሉን ካገኛችሁ አስረዝሙት። ምሰሶ ከውሃው መሃል ይውጣ። በአንድ እርምጃ ከዳር እስከ ዳር መሻገር ከተቻለ ቡርቦራ የሚመጣበት ምሰሶ አይኖርም፣ ግንድ የሚጠላለፍበት አይኖርም፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ መሥራትም ይቀራል። ቢሙ ወፍራም ይሆናል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ለእኔ ግን ይህ በደስታ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ቀጥሎ መገጣጠሚያውን ቀንሱ። ደረጃ 1 ላይ በጠመኔ የከበባችሁት ብዙው ቦታ ከመገጣጠሚያ ሥር እንደነበረ አስታውሱ። ውሃ የሚገባው በእሱ ነው። አጭርና መካከለኛ ድልድይ ላይ ቢሙንና አባትመንት የሚባለውን የዳር ድጋፍ አንድ ላይ ማሰር ይቻላል። ያኔ በላይኛው ስላብና በድጋፉ መካከል የሚያፈስ ክፍተት አይኖርም።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፣ ሁልጊዜ የምትረሳ። የስላቡ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጣት የምታህል ቦይ ትሠራለች። ዝናቡ ከጎን ሲወርድ ወደ ውስጥ እየተሳበ ቢሙ ላይ እንዳይደርስ እዚያ ላይ ተንጠባጥቦ ይወድቃል። ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ላይ አንዲት ቀጭን እንጨት መምታት ነው ሥራው። ይህች ቦይ የሌላትን ድልድይ ሥር ሄዳችሁ እዩ፤ የዳሩ ቢም በውሃ መስመር ተዥጎርጉሮ ታገኙታላችሁ።

ፌሮው ምን ዓይነት ይሁን? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ኪስ በተባሉት የአሜሪካ ደሴቶች ላይ በተሠሩ ድልድዮች ኢፖክሲ የሚባል መከላከያ ቀለም የተቀባ ፌሮ ተጠቅመው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውሃ በሚረጨው ክፍል ላይ ዝገት ተገኘ። ቀለሙ በማጓጓዝና በማጠፍ ይጫራል፣ ጨው በጭረቱ ይገባል። በሌላ በኩል ሜክሲኮ ፕሮግሬሶ ላይ በ1941 የተጠናቀቀው ረጅም የባሕር መድረክ በስቴንለስ (በማይዝግ) ፌሮ ተሠርቶ አሁንም ቆሟል፤ ከጎኑ በተራ ብረት በኋላ የተሠራው ግን ፈራርሷል። ስቴንለስ ውድ ነው። ሁሉም ቦታ ማድረግ አያስፈልግም። የሚረጭበት ክፍልና የላይኛው ስላብ ላይ ብቻ ቢገባ ከጠቅላላው ወጪ ላይ የሚጨምረው ብዙ አይደለም።

7. ዓሣውና ወፉ ጊዜውን ይወስናሉ

ይህን እንደ ቢሮክራሲ አትዩት። ከባሕር ወደ ወንዝ ለመራባት የሚወጡ ዓሦች የሚያልፉት በዚህ ጠባብ አፍ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የሚፈቀደው ዓሣው በማይንቀሳቀስበትና ጎርፍ በሌለበት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ መስኮት ተነስቶ ወደ ኋላ ይሠራል። የቢም ትዕዛዝ ሁለት ወር ቢዘገይ ሁለት ወር አይደለም የምታጡት፣ ዓመት ነው። ከድልድይ ሥር ጎጆ የሚሠሩ ወፎችና የሌሊት ወፎችም አሉ። መረቡ ጎጆ ከመሥራታቸው በፊት ይሰቀል። እንቁላል ከጣሉ በኋላ ሥራው የእነሱን ጊዜ ይጠብቃል።

8. ፓይል

ፓይል በመዶሻ ሲመታ የድምፅ ግፊቱ ውሃ ውስጥ ዓሣ ይገድላል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት ገደብ ለአንድ ምት 206 ዴሲቤል ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚደማመረው ድምፅ 187፣ ከ2 ግራም ለሚያንሱ ዓሦች ደግሞ 183። ይህ የውሃ ውስጥ መለኪያ ነው፤ ከአየር ዴሲቤል ጋር አታነጻጽሩት። ድምፁን ለመቀነስ ፓይሉ ዙሪያ ቀዳዳ ባለው ቱቦ አየር ይነፋል። የአረፋ መጋረጃ ይሆናል፤ ድምፁ አረፋው ላይ ይሰበራል።

በቁፋሮ የሚሠራ ፓይል ጸጥ ያለ ነው፤ የራሱ ጥንቃቄ ግን አለው። ጉድጓዱ ውሃ እንደያዘ ስለሚሞላ ኮንክሪቱ በቱቦ ከታች ወደ ላይ ይገባል። የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ ትኩስ ኮንክሪት ውስጥ ቢያንስ 2 ሜትር ገብቶ ይቆይ። ሠራተኛው ቸኩሎ ቱቦውን ከኮንክሪቱ በላይ አንዴ ብድግ ካደረገው ጭቃና ውሃ ይገባል። ፓይሉ መሃሉ ላይ የማይታይ ቁስል ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ፌሮው ላይ ቀድሞ ቱቦዎች የሚታሰሩት። በኋላ በእነሱ የድምፅ ሞገድ ተልኮ ኮንክሪቱ ይመረመራል። ምርመራውን ሳታዩ የምሰሶውን ራስ አትሙሉ።

9. ኮንክሪቱ፦ ጨው ከመጀመሪያው እንዳይገባ

የጅረቱን ውሃ ለማቡኪያ አትጠቀሙ። ከባሕር ዳርቻ የተዛቀ ያልታጠበ አሸዋም አይሁን። ጨዉን ለማስቀረት ይህ ሁሉ ድካም ተደርጎ በባልዲ አስገብቶ ማቡካት ያሳዝናል፤ ግን ውሃ ያጠረበት ሳይት ላይ ፈተናው እውነተኛ ነው።

የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔ 0.40 ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ፍላይ አሽ (የድንጋይ ከሰል አመድ) ወይም የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ኮንክሪቱን ያጠብቀዋል፣ ክሎራይድ ቀስ ብሎ ይገባል። የፌሮ ሽፋኑ የባሕር ውሃ በሚነካው ክፍል 75 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ይህ ቁጥር ንድፍ ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። ሳይት ላይ የሚወሰነው በስፔሰሩ፣ ማለትም ፌሮውን ከቅርጹ አርቆ በሚይዘው ድጋፍ ነው። የተሰበረ ጡብና የእንጨት ቁራጭ አይሆኑም። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በነበረው ምሽት ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ። አንድ ቦታ 40 ሚሊሜትር ካገኛችሁ ፌሮው ተፈትቶ ይስተካከል። ጨው የሚገባበት ጊዜ ከሽፋኑ ውፍረት ስኩዌር ጋር ስለሚያያዝ፣ ሽፋኑ በግማሽ ሲያንስ ጊዜው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው።

10. ቢምና ስላብ

ቢሞቹ በፋብሪካ ተሠርተው ቢመጡ ይሻላል፤ ጥራቱም፣ ፍጥነቱም። ክሬኑ የሚቆምበት መሬት ግን ይፈተሽ። የተሞላ ዳር ላይ የቆመ ክሬን ቢም ይዞ ሲዘረጋ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ያስደነግጣል።

የስላቡ ቀን ጠላቱ ነፋስ ነው። የባሕር ነፋስ ከትኩስ ኮንክሪት ላይ ውሃውን ይመጠዋል። ትነቱ በሰዓት ከ1 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ሲጠጋ ፊቱ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ ሙሌቱ ሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ ይጀመር። ጭጋግ የሚረጭ ማሽን ይዘጋጅ። ፊቱ እንደተስተካከለ እርጥብ ጆንያ ይልበስ፣ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፍላይ አሽ ካለበት 14 ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። አምስተኛው ቀን ላይ «ጠንክሯል እኮ» ብሎ ጆንያውን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። አታስነሱት።

11. የድሮውን ማፍረስ

የድሮው የሚፈርሰው በተሠራበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነው። በቅድሚያ የተወጠረ ቢም ከሆነ ውስጡ የተጠመደ ኃይል ስላለ እንደ ተራ ኮንክሪት አይቆረጥም። ከመጀመሩ በፊት በቀለሙ ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት)፣ በቱቦና በንጣፎች ውስጥ አስቤስቶስ መኖሩ ይመርመር። ከሥሩ መድረክ ይሠራ፤ ፍርስራሽ ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም። ውሃ ውስጥ ያሉ የድሮ ፓይሎች ሲነቀሉ ወለሉን ስለሚያውኩ፣ ብዙ ጊዜ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው ተቆርጠው ይቀራሉ። ያሉበት ቦታ ካርታ ላይ ይመዝገብ።

12. ዳሩና መዳረሻው

ድልድይ ላይ ስትገቡ የምትሰሟት «ዱብ» የምትል ነገር ከድልድዩ አይደለም። ከጀርባው ያለው ሙሌት ሰምጦ ነው። ሙሌቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር በሆነ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይግባ። ከአባትመንቱ ጀርባ ውሃ መውጫ ይኑረው። ላዩ ላይ የመዳረሻ ስላብ ይጋደም።

ዳሩን የሚጠብቀው ድንጋይ ጥርብና ማዕዘናማ ይሁን፤ ድብልብል የወንዝ ድንጋይ ይንከባለላል። ከሥሩ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) ወይም የጠጠር ማጣሪያ ይነጠፍ። ያለ ማጣሪያ ውሃው አፈሩን በድንጋዩ መሃል እየጠባ ያወጣና ክምሩ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። የክምሩ እግር ከሚጠበቀው ቡርቦራ በታች ይቀበር።

13. ከመከፈቱ በፊትና የመጀመሪያው ጎርፍ

የጭነት ሙከራ ከታዘዘ፣ የታወቀ ክብደት ያላቸው መኪናዎች መሃል ላይ ይቁሙ፣ ቢሙ ምን ያህል እንደወረደ ይለካ። ከወረደው ይልቅ መኪናዎቹ ሲሄዱ ወደ ቦታው መመለሱን እዩ።

ከዚያ መነሻ መረጃ ያዙ። የወንዙን ወለል በየምሰሶውና በየዳሩ ለኩ። የፌሮ ሽፋኑን በመሣሪያ ለክታችሁ መዝግቡ። ፎቶ አንሱ። ምሰሶ ካለው ምሰሶው ላይ በማይለቅ ቀለም የከፍታ ምልክት ጻፉ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ አንድ ሰው እዚያ ይኑር። ውሃው ከበረደ በኋላ ሳይሆን በሚወርድበት ሰዓት። ከድልድዩ ላይ ሆኖ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ምልክት ያለው ገመድ ይልቀቅ፣ ወይም ሶናር ይጠቀም፤ ወለሉ በዚያች ሰዓት ስንት እንደወረደ ይጻፍ። ያ ቁጥር ደረጃ 3 ላይ በስሌት ካገኛችሁት አጠገብ ይቀመጥ። ካለፈው፣ ጎርፉ ሳይበርድ መንገዱን ዝጉ።